ከምንጭ ወደ ቧንቧ፦ የጊች ነዋሪዎች ዝውውር በብሔራዊው የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ሲመዘን

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ የተዛወሩበትን ውሳኔ ከኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ አንጻር ይመረምራል። ዝውውሩ ሲነገር የሚነሡት የዱር እንስሳት፣ የግጦሽና የዓለም ቅርስነት ጉዳዮች ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ ግን ዝውውሩ የውኃ ውሳኔም ነበር የሚል ነው። በአንድ በኩል ለተከዜ ተፋሰስ ውኃ የሚያቁር ደጋ ከእርሻና ከግጦሽ ጫና እንዲያርፍ ተደርጓል። በሌላ በኩል 2,508 ሰዎች ያለ ክፍያ ከሚቀዳ ምንጭ ወደሚከፈልበት ቧንቧ ተሸጋግረዋል። ፖሊሲው ሁለቱንም ወገኖች የሚመለከቱ መርሖች አሉት። የሚጎድለው መርሖቹን በአንድ መዝገብ አገናኝቶ የሚያሰላ አሠራር ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የውኃ ሀብት አስተዳደር፣ ተፋሰስ፣ ጊች፣ ደባርቅ፣ ተከዜ፣ ዝውውር

1. መግቢያ

ከሳንቃበር ተነሥቶ ወደ ጊች የሚጓዝ መንገደኛ የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ ዳገቱን ይወጣል። ወንዙ ብዙም ሳይርቅ ከገደል አፋፍ ደርሶ 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ከዚያ በቆላው በኩል ወደ ተከዜ፣ ከተከዜም በአትባራ በኩል ወደ ናይል ያመራል። ከዳገቱ በላይ ባለው አምባ ገብስ እያረሰ፣ በግና ከብት እያረባ የሚኖር ማኅበረሰብ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎችና እማወራዎች ከነቤተሰቦቻቸው፣ በድምሩ 2,508 ሰዎች፣ መንደሩን ለቀው በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

የዝውውሩ መነሻ ይታወቃል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋሊያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር በማሽቆልቆሉ፣ እርሻና ግጦሽም ወደ ፓርኩ በመግፋቱ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተቀመጡት ግቦች መካከል በፓርኩ ውስጥ ያለውን የሰውና የከብት ጫና መቀነስ ይገኝበታል። የጊች ዝውውር በተጠናቀቀ በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ተሰረዘ። በቅርስ ጥበቃ ሚዛን ይህ ትልቅ ውጤት ነው።

ይህ ጽሑፍ ውጤቱን የማጣጣል ወይም ሰዎቹ ይመለሱ የማለት ዓላማ የለውም። የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሳኔው በውኃ ፖሊሲ ሚዛን ቢቀመጥ ምን ያሳየናል? ጥያቄውን ለመመለስ በሥራ ላይ የዋሉ ሕጎችንና ፖሊሲዎችን እንዲሁም ስለ አካባቢው የታተሙ ጥናቶችን መርምሯል። የሰነድ ጥናት እንደመሆኑ በጽሑፉ የሚገኙት ስሌቶች በመስክ የተለኩ አይደሉም፤ የነገሩን መጠን ለማሳየት የቀረቡ ናቸው።

2. የጊች ምድር እንደ ውኃ ማቆሪያ

የጊች አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር አካባቢ ይገኛል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ በበጋ የሚፈስ ምንጭ ሁሉ በክረምት ከተጠራቀመ ውኃ የሚቀዳ ነው። ማጠራቀሚያው ደግሞ አፈሩ ነው። በሰሜን ተራሮች ከፍታ ላይ የሚገኘው አፈር ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጠረ፣ ጥቁር፣ ልልና ብስባሽ የበዛበት ሲሆን የአፈር ሳይንስ ሊቃውንት አንዶሶል ይሉታል። ዋና ጠባዩ ውኃን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ቀስ በቀስ መልቀቅ ነው። የጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ ይህን አፈር ሸፍነው ከጎርፍ ያድኑታል።

ሽፋኑ ሲነሣ አፈሩ ምን እንደሚሆን ከታወቀ ቆይቷል። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዐ ምድር ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጅንባርን ሸለቆ ጨምሮ በሰሜን ተራሮች የአፈር መሸርሸርን አጥንተዋል። በታረሱት ተዳፋቶች ላይ አፈሩ ከሚፈጠርበት ፍጥነት እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት እንደሚታጠብም አሳይተዋል። እኚሁ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የተጀመረውን የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም መርተዋል። በጎጃም አንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወሎ ማይባር የተቋቋሙት የምርምር ጣቢያዎች የዚህ ፕሮግራም ፍሬዎች ናቸው። ዛሬ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሕዝብ ጉልበት የሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ ከሚመራባቸው ዕውቀቶች አንዱ ክፍል ምንጩ ከእነዚህ ጥናቶች ነው።

የነገሩን መጠን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። በአንድ ሔክታር ላይ የሚወርድ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ 15,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። አፈሩ በማገገሙ ምክንያት ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ብቻ በክረምት ጎርፍ ከመሄድ ይልቅ ለበጋ ቢቆይ፣ ከእያንዳንዱ ሔክታር 1,500 ሜትር ኩብ ይተርፋል። ይህም በቀን 50 ሊትር ለሚጠቀሙ 82 ሰዎች የአንድ ዓመት ፍጆታ ነው። ሣሩ ራሱም ውኃ ስለሚጠጣ ትክክለኛው ቁጥር የሚታወቀው በልኬት ብቻ ነው። ያም ሆኖ የጊች ሣር ለዋሊያና ለጭላዳ መኖነቱ ብቻ ሳይሆን የውኃ መሠረተ ልማትነቱም ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በጊች አካባቢ የተነሣው ቃጠሎ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ አስቸግሮ ነበር። ያን ጊዜ የተቃጠለው የእንስሳት መኖ ብቻ አልነበረም፤ የውኃ ማቆሪያውም ክዳን ጭምር ነበር።

3. ፖሊሲውና ሕጉ ምን ይላሉ?

የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከመሠረታዊ መርሖቹ መካከል አራቱ ለዚህ ጥናት ያገለግላሉ። አንደኛ፣ ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝቦች የጋራ ሀብት ነው። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ዜጋ መሠረታዊ ፍላጎቱን የሚያሟላ፣ ጥራቱ ተቀባይነት ያለው በቂ ውኃ ማግኘት አለበት። ሦስተኛ፣ ውኃ ማኅበራዊም ኢኮኖሚያዊም ዋጋ ያለው ሀብት ነው። አራተኛ፣ የውኃ አስተዳደር ገጠርን ማዕከል ያደረገ፣ ያልተማከለ፣ የተቀናጀና ተጠቃሚዎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ የሚያሳትፍ መሆን ይገባዋል።

ፖሊሲውን ተከትሎ የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውኃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ውኃን ለመጠቀም ፈቃድ እንዲወጣ ሲያዝም በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖን፣ ባህላዊ የከብት እርባታንና የውኃ ወፍጮን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። ይህ ድንጋጌ ለደጋው ገበሬ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ሌላ ገጽታም አለው፤ ያለ ፈቃድ የሚገለገሉበት ውኃ ሰነድ የለውም። ሰነድ የሌለው ጥቅም ደግሞ ሰው ከቦታው ሲነሣ በሒሳብ ለመያዝ ይከብዳል።

የካሣ ሕጉም ይህን ክፍተት አልሞላም። ዝውውሩ በተካሄደበት ወቅት በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሣ የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ለሰፈረ ንብረት፣ ለቋሚ ማሻሻያና ለተቋረጠ ገቢ ነው። ምንጭ የጋራ ሀብት እንጂ የግለሰብ ንብረት ባለመሆኑ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሣ እንዲከፈል በመደንገግ አንድ እርምጃ ተራምዷል። ሕጉ በገንዘብ ለመተመን አስቸጋሪ የሆነውን የጉርብትና መፍረስ ከቆጠረ፣ የውኃ አቅርቦት ለውጥን የማይቆጥርበት ምክንያት አይኖርም።

ሕገ መንግሥቱም መሠረት ይሰጣል። አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዝዛል። ሁለቱ አንቀጾች አንድ ላይ ሲነበቡ፣ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ከምንጩ የተነሣ ቤተሰብ የውኃ ጉዳይ የከተማ አገልግሎት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የማካካሻም ጉዳይ ይሆናል።

4. ባለሥልጣን ያልተቋቋመለት ተፋሰስ

ኢትዮጵያ በ12 ተፋሰሶች የተከፈለች ስትሆን የገጸ ምድር ውኃዋ በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ከዚህ ውስጥ የተከዜ ድርሻ 8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። ውኃ የክልልና የወረዳ ወሰን ስለማያውቅ ፖሊሲው ተፋሰስን የዕቅድ መሠረት አድርጎ መርጧል። በዚህም መሠረት የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534 በ1999 ዓ.ም. ወጣ። በአዋጁ መሠረት ዓባይ፣ አዋሽና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የየራሳቸው ባለሥልጣን ተቋቋመላቸው። ተከዜ ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም። በ2011 ዓ.ም. የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲያስተዳድር ተደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. በወጣው የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ቁጥር 1263 ደግሞ ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ።

ይህ የተቋማት መፈራረቅ በጊች ላይ ያለው ትርጉም ግልጽ ነው። ዝውውሩ ሲወሰን የተከዜን ውኃ ወክሎ የሚናገር የተፋሰስ ምክር ቤት በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሲሆን በሕግ የተሰጠው ተልዕኮ የዱር እንስሳት ጥበቃ ነው። የካሣና የቦታ ጉዳይ የክልሉና የአካባቢው አስተዳደር ሥራ ነው። የከተማው ውኃ ደግሞ የውኃ አገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ነው። እያንዳንዱ በበኩሉ ሥራውን ቢሠራም፣ ከአምባው የሚወርደውን ውኃና ከአምባው የወረዱትን ሰዎች አንድ ላይ አድርጎ የሚመለከት አካል አልነበረም።

በዚሁ ተፋሰስ መንግሥት ትልቅ ሀብት ያፈሰሰው በታችኛው ክፍል ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን 300 ሜጋ ዋት ኃይል የማመንጨት አቅም አለው። ግድብ የሚታይ፣ የሚለካ፣ በጀት የሚያዝለት ሥራ ነው። የላይኛው ተፋሰስ ሣርና አፈር ግን ውኃ የማቆር ሥራቸውን በዝምታ ስለሚሠሩ በውኃ በጀት ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይቸገራሉ። የፖሊሲው የተቀናጀ አስተዳደር መርሕ ፈተና የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው።

5. የዝውውሩ የውኃ ሒሳብ

ዝውውሩ የተጠናቀቀበት 2008 ዓ.ም. ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የጀመረበት ዓመት ነው። በዚህ ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በቀን 25 ሊትር ሲሆን፣ ከ20 እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ደግሞ በቀን 50 ሊትር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ20 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነዋሪ የነበራት ደባርቅ የምትመደበው በሁለተኛው ነው።

እንግዲህ 2,508 ሰዎች በገጠር መለኪያ በቀን 62,700 ሊትር ይገባቸው ነበር። በከተማ መለኪያ 125,400 ሊትር ይገባቸዋል። ዝውውሩ ብቻውን የመንግሥትን ግዴታ በእጥፍ አሳድጎታል። በዓመት ሲሰላ ወደ 45,800 ሜትር ኩብ ይጠጋል። የተዛዋሪዎቹ ቁጥር ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አንጻር ከከተማዋ ነዋሪ 12 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ ሲመጣ አዲስ ጉድጓድ፣ አዲስ ማጠራቀሚያ ወይም የመስመር ማስፋፊያ ከቤት መሥሪያ ቦታው ዝግጅት ጋር አብሮ መታቀድ ይኖርበታል። አለበለዚያ የቆየውም ሆነ አዲሱ ነዋሪ ወረፋውን ይካፈላል።

ሁለተኛው ለውጥ የዋጋ ነው። ፖሊሲው የገጠር ውኃ ታሪፍ የማስኬጃና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን፣ የከተማው ታሪፍ ግን ሙሉ ወጪን ወደ መመለስ እንዲያመራ ይሻል። የጊች ቤተሰብ በአንድ ዝውውር ከምንጭ ወደ ቧንቧ፣ ከነጻ ውኃ ወደ ሙሉ ወጪ መርሕ ተሸጋገረ። ይህ የሆነው ደግሞ ገብሱንና ከብቱን፣ ማለትም የገቢ ምንጩን፣ ከምንጩ ጋር በተወበት ጊዜ ነው። እንስራ ተሸክማ ወደ ወራጅ ትወርድ ለነበረች እናት ቧንቧ በደጅ መቆሙ ታላቅ እረፍት መሆኑ አያጠራጥርም። እረፍቱ እንዲዘልቅ ግን ቧንቧው መፍሰስ፣ ክፍያውም ከኑሮዋ ጋር መመጣጠን አለበት።

ሦስተኛው ለውጥ የከብት ነው። አዋጁ ከፈቃድ ነጻ ያደረገው ባህላዊ የከብት ውኃ በከተማ ውስጥ ትርጉሙን ያጣል። ጥቂት በግ ወይም አንዲት ላም ይዞ የመጣ ቤተሰብ እንስሶቹን የሚያጠጣው በሰው መለኪያ ከተሰላው 50 ሊትር ላይ ቀንሶ ነው።

6. ከኪቶ ምን እንማር?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ የምትጠጣው ውኃ አብዛኛው የሚመነጨው በአንዲስ ተራሮች ከፍታ ላይ ከሚገኝ ሣራማ ምድር ነው። ያ ምድር እንደ ሰሜን ተራሮች ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥቁር አፈር አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የከተማዋ የውኃ ድርጅትና አጋሮቹ የምንጭ ጥበቃ ፈንድ አቋቋሙ። ቆይቶም የውኃ ድርጅቱ ከሽያጩ 2 በመቶ ለፈንዱ እንዲያስገባ በከተማዋ ደንብ ተወሰነ። ገንዘቡ ለደጋው ሣር እንክብካቤ፣ ለቃጠሎ መከላከል፣ ለውኃ ልኬትና ከምንጩ አጠገብ ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች ኑሮ ይውላል።

ልምዱ እንዳለ አይገለበጥም። የደባርቅ ውኃ ተጠቃሚ እንደ ኪቶ ብዙ አይደለም፤ ብዙው ነዋሪም በታሪፍ ላይ ጭማሪ የሚችል አይደለም። የጅንባር ውኃም በቀጥታ የደባርቅ ቧንቧ ውስጥ አይገባም፤ ወደ ቆላው ይወርዳል። ስለዚህ ለደጋው ጥበቃ የሚከፍለው ተዛዋሪው ራሱ ሊሆን አይገባም። ሊወሰድ የሚገባው ሐሳቡ ነው፤ ከላይ የሚጠበቅ ሣር ከታች የሚጠቅም ከሆነ፣ ጥቅሙን የሚያገኝ ወገን ለጥበቃው ድርሻ ይኑረው። በእኛ ሁኔታ ድርሻ ሊያዋጡ የሚችሉት የፓርኩ የጎብኚዎች ገቢና በተፋሰሱ የሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ሽያጭ ናቸው። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 268 የተቋቋመው የውኃ ሀብት ልማት ፈንድም ለመጠጥ ውኃና ለመስኖ ሥራዎች ብድር እንዲሰጥ የተቋቋመ በመሆኑ፣ የምንጭ ጥበቃን እንዲያካትት ማስፋት ይቻላል።

7. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳቦች

ከላይ የቀረበው ምርመራ ብሔራዊው የውኃ ፖሊሲ በመርሕ ረገድ ድሃ አለመሆኑን ያሳያል። ዜጋው በቂ ውኃ የማግኘት መብት፣ የመጠጥ ውኃ ቅድሚያ፣ የተፋሰስ ዕቅድና የተጠቃሚዎች ተሳትፎ ሁሉም ተጽፈዋል። ሆኖም አንድ ውሳኔ በዱር እንስሳት ወይም በቅርስ ስም ሲወሰን መርሖቹ አብረው የሚነሡበት መንገድ አልተዘረጋም። ይህን ለማስተካከል የሚከተሉት አራት እርምጃዎች ይጠቅማሉ።

ሀ) ከደጋ ውኃ አመንጪ ስፍራ የሚደረግ ማንኛውም ዝውውር ከመጽደቁ በፊት የውኃ ግምገማ ይቅረብለት። ግምገማው ነዋሪዎቹ ይጠቀሙበት የነበረውን ምንጭ፣ በአዲሱ ስፍራ የሚያስፈልገውን መጠንና የሚከፍሉትን ዋጋ ይዘርዝር።

ለ) የሰሜን ተራሮች ከፍተኛ ደጋ በተከዜ ተፋሰስ ዕቅድ ውስጥ የውኃ ማቆሪያ ቀጠና ተብሎ ይመዝገብ። የፓርኩ አስተዳደርና የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር በጅንባርና በሌሎች ወንዞች ላይ የበጋ ፍሰትን በጋራ ይለኩ። በአቅራቢያ የሚገኙት የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ለዚህ ሥራ የሰው ኃይል ሊሆኑ ይችላሉ።

ሐ) ከፓርኩ ገቢና ከኃይል ሽያጭ የሚዋጣ አነስተኛ የምንጭ ጥበቃ ድርሻ ይወሰን። ከዚህም የመጀመሪያው ተጠቃሚ መሬቱን የለቀቀው ማኅበረሰብ ይሁን፤ ለምሳሌ የቧንቧ ቅጥያና የመሸጋገሪያ ጊዜ ታሪፍ ድጎማ ይደረግለት።

መ) ተዛዋሪዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በከተማው የውኃ አገልግሎት ቦርድ ውስጥ ወንበር ይኑራቸው። ፖሊሲው ተሳትፎ ሲል ሰዎቹ ከመነሣታቸው በፊት የሚጠሩበትን ስብሰባ ብቻ ማለቱ አይደለም። ከሰፈሩ በኋላም በውኃቸው ጉዳይ የሚወስኑበትን መድረክ ይጨምራል።

በደርግ ዘመን ከፓርኩ ሰሜናዊ ዝቅተኛ መንደሮች ሰዎች በግዳጅ ተነሥተው ነበር። የጊች ዝውውር በምክክርና በካሣ መካሄዱ ከዚያ የተሻለ መንገድ መመረጡን ያሳያል። ቀጣዩ መሻሻል የውኃ መዝገብ መክፈት ነው። የጊች ሰዎች ለዋሊያው መኖሪያ፣ ለዓለም ቅርስ ለቀዋል ይባላል። ከምንጩ በታች ላለው ሁሉ ደግሞ የበጋ ውኃ ትተዋል። ይህ ሁለተኛው ስጦታቸው በልኬት ሲታወቅና በደባርቅ ደጃፋቸው በሚፈስ ውኃ ሲመለስላቸው፣ በ1991 ዓ.ም. የተጻፈው ፖሊሲ በጊች ላይ ተፈጸመ ለማለት ይቻላል።